በምስማር ቀዳዳ

እናቴ ፊልም ስታይ ዝም አትልም። ተዋናዩን ትመክራለች፣ ትቆጣለች፣ ሲብስባትም ትረግማለች። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማታ «ፒፒንግ ቶም» (አጮላቂው እንደማለት) የሚባለውን የ1960 የእንግሊዝ ፊልም የከፈትኩት ወጥ ቤት መሆኗን አረጋግጬ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፊልሙ የሚጀምረው ለንደን ውስጥ፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ፣ በሌሊት ነው። አንድ ሰው ትንሽ የፊልም ካሜራ ካፖርቱ ውስጥ ደብቆ ወደ አንዲት ሴት ይጠጋል። ሴትዮዋ ሴተኛ አዳሪ ናት። ዋጋዋን ትነግረዋለች፣ ትቀድማለች፣ ይከተላታል። ከዚያ በኋላ የምናየው ሁሉ በካሜራው ዓይን ነው። ጀርባዋ። ደረጃው። አልጋው። ልብሷን ማውለቅ ትጀምርና ቀና ስትል ፊቷ ይለዋወጣል። ትጮሃለች። ወዲያው ሰውየው ቤቱ ገብቶ የቀረጸውን መልሶ ሲያይ እናገኘዋለን። የተዋንያኑ ስም የሚወጣው በዚህ መሀል ነው።

ካርል ቦም።

ፊልሙን አቆምኩት። ስልኬን አነሳሁ። አዎ፣ ራሱ ነው። ካርልሄንዝ ቦም። የኛው ካርል።

ለማታስታውሱት ልንገራችሁ። በ1950ዎቹ «ሲሲ» በሚባሉት ፊልሞች ላይ ከሮሚ ሽናይደር ጋር ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ የተጫወተ መልከ መልካም ኦስትሪያዊ ነው። በ1981 በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርበው፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አፍሪካ ውስጥ ለተራቡ ሰዎች አንድ አንድ ማርክ አያዋጣም ብለው ተወራረዱ። ከሚሊዮን ማርክ በላይ ተዋጣ። ገንዘቡን ይዘው ኢትዮጵያ መጡ። ሐረርጌ ኤረር ሸለቆ ላይ ጀመሩ፣ «ሰዎች ለሰዎች»ን መሠረቱ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠሩ፣ የውኃ ጉድጓድ አስቆፈሩ። በ2003 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጣቸው። በ2014 አረፉ። አንቀጹን በ«እሱ» ጀምሬ በ«እሳቸው» እንደጨረስኩት አስተውላችኋል? አማርኛ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያስመርጣል። ለንደን ላይ ካሜራ ደብቆ የሚሄደው «እሱ» ነው። የእናቴ አገር መርሐ ቤቴ ላይ ግን «እሳቸው» ናቸው።

እናቴን ጠራኋት። ባልጠራት ይሻለኝ ነበር።

«የኛ ካርል? በልጅነታቸው?» አለች። እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች መጥታ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ከፈትኩላት። ያን ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሴትዮዋ ስትጮህ ግን ብድግ አለች።

«አጥፊልኝ። እሳቸውን እንዲህ አላይም።»

«ፊልም ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ፊልም መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? አብሬው ደረጃ ወጣሁ አይደለም እንዴ!»

እና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እኔ ቀረሁ።

«አብሬው ደረጃ ወጣሁ» ያለችውን ነገር የ1960 የለንደን ሐያስያን በብዙ ገጽ ነው የጻፉት፤ እነሱም በንዴት። የፊልሙ ዳይሬክተር ማይክል ፓውል አገሩ ውስጥ ትልቅ ስም ነበረው። ከዚህ ፊልም በኋላ እንደ ቀድሞው ሆኖ አያውቅም። ደም ስላለበት አይመስለኝም የተናደዱት፤ ደም እንዲያውም ብዙ አይታይበትም። ፊልሙ ተመልካቹን ከገዳዩ ጎን ያስቀምጠዋል፣ ዓይኑን ያውሰዋል፣ ከዚያ «ምን እያየህ ነው?» ይለዋል።

ካርል የሚጫወተው ማርክ የሚባል ወጣት ነው። ሥራው ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ሌንስ ማስተካከል ነው። አባቱ ፍርሃትን የሚያጠና ሳይንቲስት ነበር፤ ልጁን ሌሊት እያስደነገጠ ይቀርጸው ነበር። (አባትየውን ፓውል ራሱ ነው የተጫወተው። ልጅየው ደግሞ የራሱ የፓውል ልጅ ነው። ይህን ሳነብ አንገቴ ላይ ቅዝቃዜ ተሰማኝ።) ማርክ ሴቶቹን የሚገድለው በካሜራው መቆሚያ እግር ውስጥ በተደበቀ ስለት ነው። ካሜራው ላይ መስታወት ገጥሞበታል፤ ሲሞቱ የራሳቸውን ፍርሃት እንዲያዩ።

ቤቱ ውስጥ ግን አንዲት ሊነካት ያልቻለ ሴት አለች። ከታች የምትኖረው ጎረቤቱ ናት። ዓይነ ስውር ናት። ፊልም ወደሚያይበት ጨለማ ክፍል ብቻዋን ትገባለች። ካሜራውን ይደግንባታል። መስታወቱ ለእሷ ምንም አይደለም። የምትፈራውን ፊት ማየት አትችልም። እሱ የሚሆነው ይጠፋዋል።

በዚያው ዓመት አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ»ን አወጣ። እዚያም አንድ የሚያጮልቅ ወጣት አለ። የሞቴል ባለቤቱ ኖርማን ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሥዕል ያነሳል፣ ከሥዕሉ ጀርባ ቀዳዳ አለ፣ በቀዳዳው ማሪዮን ልብሷን ስታወልቅ ያያታል። ይህን ትዕይንት የማያውቅ ፊልም ወዳድ የለም። ሥዕሉን ግን ልብ ብለን አናየውም።

ሥዕሉ ሶስና ናት። የኛዋ ሶስና፣ በሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ውስጥ ያለችው።

ታሪኩን እናቴ ስትነግረን ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ቦታ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች የሶስናን ውበት ተመኝተዋል፤ አንዱ ለሌላው አልተናገረም። አንድ ቀን «የምሳ ሰዓት ነው፣ እንሂድ» ተባብለው ተለያዩ። ሁለቱም ዞረው ተመለሱ፣ እዚያው ተገጣጠሙ! ከዚያ ግን ሳቅ የለም። አትክልቱ ቦታ ውስጥ ተደብቀው ይጠብቋታል። ልትታጠብ ስትል ይወጡባታል፤ እሺ ካላለች በሐሰት እንደሚመሰክሩባት ይነግሯታል። እምቢ ትላለች፣ ትጮሃለች፣ ሞት ይፈረድባታል። ዳንኤል ሽማግሌዎቹን ለየብቻ ያቆምና «በየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?» ይላል። አንዱ ሌላ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ይጠራል። በእኛ ቋንቋ ታሪኩ የበለጠ ያማል። ሽማግሌ ማለት እኮ አስታራቂ ነው፤ ልጅ ሊጠይቅ የሚላክ፣ በር የሚከፈትለት ሰው።

የአውሮፓ ሠዓሊዎች ይህን ታሪክ ለዘመናት ሥለውታል። አብዛኞቹ የሣሉት ግን ፍርዱን አይደለም፤ ገላ መታጠቡን ነው። የሽማግሌዎቹን ነውር በሚያወግዝ ሥዕል ውስጥ ራቁቷን ሴት ለመስቀል በቂ ሰበብ ተገኘ። አርቴሚዢያ ጄንቲሌስኪ የምትባል ጣሊያናዊት ወጣት በ1610 ስትሥላት ብቻ ሶስና ሰውነቷ ሁሉ ተጣሞ ስትሸሽ፣ ስትጸየፍ ትታያለች። ኖርማን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ግን የተለመደው ዓይነት ነው። እሱ ሴት ለማየት የምትታይ ሴትን ከግድግዳ ያወርዳል። ሂችኮክ ይህን ሳያስበው እንዳላደረገው እርግጠኛ ነኝ፤ ቀልደኛ ሰው ነበር፣ ቀልዱም ክፉ ነው።

ከዚያ ሻወሩ ይመጣል። አርባ አምስት ሰከንድ ገደማ ለሚሆን ትዕይንት ሰባት ቀን ተቀርጿል። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏልና አልጨምርበትም። አንድ ነገር ብቻ። ከቀዳዳው በኩል የኖርማንን ዓይን በጣም ተጠግተን እናየዋለን፣ ብርሃን አርፎበት። ከግድያው በኋላ ደግሞ የማሪዮንን ዓይን እንዲሁ ተጠግተን እናየዋለን፣ መሬት ላይ፣ ፈጦ። የሷ ዓይን በዚህ መጠን ስክሪኑን የሚሞላው ማየት ካቆመ በኋላ ነው።

እኔ ግን የምወደው የሂችኮክ ፊልም «ሪር ዊንዶው» ነው፣ የ1954ቱ። መውደዴ ራሱ ያሳስበኛል። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም።

ጄምስ ስቱዋርት እግሩ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ የተቀመጠ ፎቶ አንሺ ነው። ስሙ ጄፍ። ኒው ዮርክ በሙቀት እየነደደች ነው፣ የጎረቤት መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። ሂችኮክ ለዚህ ፊልም ፓራማውንት ስቱዲዮ ውስጥ ሙሉ ግቢ አሠርቷል፤ ሠላሳ አንድ አፓርታማ ያለበት። ካሜራው ከጄፍ ክፍል ብዙም አይወጣም። የምናየው እሱ የሚያየውን ነው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን ፊልም ያለ አስተማሪ ይገባዋል። ፊት ለፊት ብሎክ ያለችው ሴትዮ ስንት ሰዓት መጋረጃ እንደምትዘጋ አውቃለሁ። የቡናዋን ሰዓት አውቃለሁ። እሷም የኔን።

ጄፍ ጎረቤቶቹን ስም ያወጣላቸዋል። ብቻዋን እራት አቅርባ ከማይመጣ ሰው ጋር ጽዋ የምታነሳው «ሚስ ሎንሊ ሀርትስ» ናት፣ ወይዘሪት ብቸኛ ልብ። በአጭር ቁምጣ የምትለማመደው ዳንሰኛ «ሚስ ቶርሶ» ናት። ቶርሶ ማለት ራስና እጅ እግር የሌለው የሐውልት ገላ ነው። አስቡት። ልጅቷ ስትጨፍር፣ ስትበላ፣ ወንዶች ስታባርር ፊልሙን ሙሉ እናያታለን፤ እስከ መጨረሻው ሌላ ስም የላትም። መጨረሻ ላይ እጮኛዋ ከውትድርና ይመለሳል። አጭር፣ ወፈር ያለ ልጅ ነው። በሩን እንደከፈተች በስሙ ትጠራዋለች፦ ስታንሊ! እሱም ቀጥ ብሎ ወደ ፍሪጁ።

ጄፍን ልታሸው የምትመጣው ነርስ ስቴላ ትባላለች። በድሮ ጊዜ አጮልቆ የሚያይን ሰው በጋለ ብረት ዓይኑን ያወጡት ነበር ብላ ታስፈራራዋለች። እናቴን ትመስለኛለች። ከእናቴ የምትለየው ብዙ ሳትቆይ እሷም መስኮቱ ላይ በመደረቧ ነው። ረጅሙን ሌንስ ስትዋሰው «ተንቀሳቃሽ የቁልፍ ቀዳዳ» ትለዋለች።

ግሬስ ኬሊ የምትጫወታት ሊሳ የጄፍ ፍቅረኛ ናት። ቆንጆ፣ ብልህ፣ ሥራዋን የምታውቅ። እራት ከትልቅ ምግብ ቤት አስመጥታ ታቀርባለች። እሱ ወደ መስኮቱ ነው። ማዶ ያለው ነጋዴ ሚስቱን ገድሏል ብሎ ጠርጥሯል። ሊሳ በቀሚሷና በታኮ ጫማዋ ግድግዳ ተንጠላጥላ የገዳዩ ቤት እስክትገባ ድረስ ያቺን ሴት በትክክል አላያትም። እዚያ ማዶ፣ በመስኮት ክፈፍ ውስጥ፣ አደጋ ላይ ስትሆን ፊቱን እዩት። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ነው አፈቀራት የምለው። ጎኑ ተቀምጣ ሳለ ያላገኘችውን ነገር ለማግኘት ፊልሙ ውስጥ መግባት ነበረባት።

ግን ደግሞ፣ የተንጠላጠለችው እሷ ናት። እሱ እኮ ተቀምጧል። በፊልሙ ውስጥ የረባ ነገር የሚያደርጉት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ አበባ መደቡን የሚቆፍሩት እነሱ፣ መረጃ ፍለጋ ገዳዩ ቤት የምትገባውም ሊሳ። እዚህ ላይ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ፣ እስካሁን አልተስማማንም።

ሊሳ የሟቿን ቀለበት ጣቷ ላይ አድርጋ፣ እጇን ከኋላዋ ይዛ፣ ለጄፍ ትጠቁመዋለች። ገዳዩ ጣቷን ያያል። ከዚያ የጣቷን አቅጣጫ ይከተልና ቀና ብሎ ያየናል። በቀጥታ። እኛን።

ይቺን ቅጽበት ሳያት ሁልጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር። ቆርቆሮ ግድግዳ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የላብና የቆሎ ሽታ። ሽታውን የማውቀው ወንድሜ ልብስ ላይ ነው፤ ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም። ማንም አልከለከለንም፣ ግን ማንም አትገባም። እኔና ጓደኛዬ ከኋላ በኩል ቆርቆሮው ላይ የምስማር ቀዳዳ አገኘን። በየተራ አንድ ዓይናችንን ጨፍነን እናያለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የወንዶች ማጅራት ነበር፣ ከስክሪኑም ሩብ ያህል፤ የሚራገጥ እግር፣ የሚውለበለብ ሳሪ። አንድ ቀን ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ሳስጠጋ ከውስጥ በኩል ዓይን አገኘሁ። በጣት ርቀት። ማን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩ።

ሎራ መልቪ የምትባል እንግሊዛዊት ምሁር በ1975 «ስክሪን» በተባለ መጽሔት ላይ ስለዚህ ጉዳይ አንድ ጽሑፍ አወጣች። በሆሊውድ ፊልም ወንድ ያያል፣ ሴት ትታያለች፤ ካሜራውም ተመልካቹም ከወንዱ ዓይን ጀርባ ነው የሚቆሙት፣ ትላለች። ከዋና ምሳሌዎቿም አንዱ ሂችኮክ ነው። ሳነበው ብዙ ነገር ገባኝ። ግን የቆርቆሮዋ ልጅስ የት ነው የምትቀመጠው? እኔም አጮልቄያለሁ። ከሱም አልፎ፣ ደስ ብሎኛል።

የሂችኮክን «ቨርቲጎ» ሳይ ግን ደስታው ይከዳኛል። በ1958 የወጣ ነው፣ ስቱዋርት አሁንም አለ። እሱ የሚጫወተው ስኮቲ ያፈቀራት ማደሊን ሞታለች ብሎ ያምናል። መንገድ ላይ የምትመስላትን ልጅ ያገኛል። ጁዲ። ሱቅ ውስጥ የምትሠራ፣ ቅንድቧ የጠቆረ፣ ጮክ ብላ የምትናገር። ማን ነሽ ሲላት መንጃ ፈቃዷን አውጥታ ታሳየዋለች፤ ጁዲ ባርተን፣ ከሳላይና፣ ካንሳስ። እሱ ስሟን አልፈለገም። ግራጫውን ልብስ ገዝቶ ያለብሳታል፣ ጫማውን፣ ጸጉሯን ወርቃማ ያስቀባታል። ከለወጥከኝ ትወደኛለህ? ብላ ትጠይቃለች። የምትጠይቅበት ድምፅ እኔ የማውቃቸውን ሦስት አራት ሴቶች ድምፅ ይመስላል። ጸጉሯ ወደ ኋላ ሳይታሰር ስለቀረ እንኳ ደስ አይለውም። ገብታ አስራው ስትወጣ፣ በሆቴሉ አረንጓዴ መብራት ውስጥ፣ እሱ የሚያቅፈው የሞተች ሴት ነው።

ሁለቱንም የተጫወተችው ኪም ኖቫክ ናት። ግራጫውን ልብስ ራሷም አልወደደችውም ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ኮሎምቢያ ስቱዲዮ ሲቀጥራት ስሟን ኪት ማርሎ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። ኖቫክን አልለቅም አለች። «ማሪሊን» የሚለውን የገዛ ስሟን ግን ማዳን አልቻለችም፤ በሆሊውድ አንዲት ማሪሊን አለቻ።

(የሂችኮክን «ሬቤካ» አይታችሁ እንደሆነ፣ የ1940ውን፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም የላትም። የሞተችው አላት።)

ከስክሪኑ ውጪ ስላለው አጭር ልበል። የሂችኮክ «ዘ በርድስ» ላይ ተዋናይቷ ቲፒ ሄድረን ሰገነቱ ክፍል ውስጥ በወፎች የምትወረርበት ትዕይንት አለ። አርቴፊሻል ወፍ ነው ተብላ ነበር። አምስት ቀን ሙሉ እውነተኛ ወፍ ወረወሩባት። በ2016 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ሂችኮክ እንዳስቸገራትና እምቢ በማለቷ ሥራዋን እንዳበላሸባት ጽፋለች። እሱ በ1980 ሞቷል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያንን ትዕይንት እንደ ትወና ማየት አቃተኝ፤ የምትከላከልበት እጅ የገጸ ባሕርይዋ ነው የሷ?

በ2012 የብሪታንያው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት በዓለም ዙሪያ ያሉ ሐያስያንን ጠይቆ «ቨርቲጎ» የምንጊዜም ምርጥ ፊልም ተባለ። በ2022 እንደገና ተጠየቁ። አንደኛ የወጣው የቤልጂየማዊቷ ሻንታል አከርማን ፊልም ነው፣ «ቨርቲጎ» ሁለተኛ ሆነ። የአከርማን ፊልም የ1975 ነው፤ የመልቪ ጽሑፍ የወጣበት ዓመት። አከርማን ያኔ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። ርዕሱ የአንዲት ሴት ስምና አድራሻ ነው፦ ዣን ዲየልማን፣ 23 ኬ ዱ ኮሜርስ፣ 1080 ብራስልስ።

ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ዣን ድንች ትልጣለች። ዕቃ ታጥባለች። ለልጇ ጫማ ትወለውላለች። ከሰዓት በኋላ በገንዘብ ወንድ ትቀበላለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የመኝታ ቤቱ በር ሲዘጋ ካሜራው ኮሪደር ላይ ይቀራል። ድንቹ ላይ ግን እስኪያልቅ አብሯት ይቆማል። ቦታውን አይቀይርም፣ አይጠጋም፣ አይደበቅም። እኔ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል፣ አልዋሽም። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ድንቹ ከልክ በላይ ሲበስልባት ልቤ እንደ ሂችኮክ ፊልም ነው የተሰቀለው። ለድንች!

ይቺን ለእናቴ ላሳያት አስቤ ነበር። «ድንች ስትልጥ? እኔንስ ታይኝ የለም እንዴ» አለችኝ።

ከዚያ ቅዳሜ ሳምንት ቆይቶ ይመስለኛል። በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር፣ እኔ ስልኬ ላይ ይህንኑ ጽሑፍ እሞካክራለሁ።

«ያቺ ሴትዮ ግን ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ።

«የትኛዋ?»

«ደረጃ የወጣችው። ከካርል ጋር።»

ፊልሙን ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። የዳይሬክተሩን ስም፣ የዳይሬክተሩን ልጅ፣ ስለቱ ካሜራው ላይ የት እንደተደበቀ አውቃለሁ። የሷን አላውቅም። የተዋንያኑን ዝርዝር ከፍቼ ፈለግኩ።

«ዶራ» አልኳት።

«ዶራ። ነፍስ ይማር» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።